«ጎበዝ!» ከማለታችን በፊት

በአዊ ምድር ፈረስ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ማግኘት ይቸግራል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን እንጅባራ ላይ ሲያከብር፣ ተመልካቹ ለማጨብጨብ ብቻ የወጣ እንዳይመስላችሁ። የፈረሱን ደረት ያያል፤ ኮቴውን ያያል፤ ኮርቻው እንዴት እንደተቀመጠ፣ ልጓሙ እንዴት እንደተያዘ ይመዝናል። ያማረውን ያሞግሳል፤ ያላማረውንም አይምርም። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ይህ መዛኝ ዓይን ግን ከማኅበሩ ይበልጥ ያረጀ ነው። እኔ ይህን ዓይን ሂስ እለዋለሁ።

ታዲያ ይህ ዓይን ፈረሱ ብረት ሲሆን የት ይገባል? በዚያው በአዊ ዞን፣ ጫግኒ ላይ፣ አንድ ወጣት ያረጀ ብስክሌት ላይ ሞተር ገጥሞ አስፋልቱ ላይ ብቅ ቢል የሚቀበለው ቃል አንድ ነው፤ «ጎበዝ!» ጫግኒን ለምሳሌ ጠራሁ እንጂ ነገሩ በሌላውም ከተማ ያው ነው። ከዚያ ጋዜጠኛ ይመጣል። ዘገባው ገና ሳይጀመር እናውቀዋለን። ወጣቱ «ከወዳደቁ ዕቃዎች» ይሠራል፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ዝንባሌ ነበረው፤ ሞተሩ ይነሳል፤ ሕፃናት ይሮጣሉ፤ በመጨረሻም «የሚመለከተው አካል ድጋፍ እንዲያደርግለት» ይጠየቃል። ብስክሌቷ ስንት ኪሎ እንደምትመዝን፣ በምን እንደምትቆም፣ ብየዳው ስንት ወር እንደቆየ የሚጠይቅ የለም።

ይህ ዓይነቱ ዘገባ ደግነት ይመስላል። በእኔ እምነት ግን ሥልጡን ልብስ የለበሰ ንቀት ነው። ለአንድ ልብወለድ ገጸ ባሕርያቱ ሕይወት ጎደላቸው፣ ታሪኩ መሐል ላይ ላላ እንላለን፤ ደራሲውን እንደ ደራሲ ስለቆጠርነው ነው። የብረት ሠራተኛውን ግን «እሱም ይህን ቻለ!» ብለን እናልፈዋለን። አገራችን ቀጥቃጩን ስትሰድብ የኖረች አገር ናት። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው መሳደብን በአዋጅ መከልከል ግድ ሆኖባቸዋል። ስድቡ ቀረ እንበል፤ በቦታው የተተካው ግን ክብር ሳይሆን ጭብጨባ ነው። የሚከበር ሥራ ይመረመራል።

እንግዲያው እንመርምር። ለዚህ ሥራ ያረጀ ቴላዮ መመረጡ ሞኝነት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የቺካጎው የሽዊን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1933 ወፋፍራም ጎማ ያለው ከባድ ብስክሌት ለገበያ አቅርቦ ነበር። ኋላ ክሩዘር የተባለው የብስክሌት ዘር የመጣው ከዚያ ነው፤ የባዕድ አገር ባለሙያዎችም ሞተር መግጠም ሲያምራቸው የሚፈልጉት እሱን ነው። እኛ ዘንድ በብዛት የምናውቀው የዚያ የአጎት ልጅ የሚሆነውን የቻይናና የህንድ ባለ 28 ጎማ ጥቁር ብስክሌት ነው። ሁለቱም ቴላዮአቸው ከብረት የተሠራ፣ አቋማቸው ረጅምና የተረጋጋ፣ መሐላቸው ሞተር ለማስገባት የሚበቃ ክፍት ነው። መራጩ ዕቃውን ያውቃል፤ እዚህ ላይ ምስጋና ይገባዋል።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ይጀምራል። የጥቁሩ ብስክሌት ቧንቧዎች ፋብሪካ ውስጥ የተገናኙት በማያያዣ ቀለበት ገብተው፣ በነሐስ ተጣብቀው ነው። ቧንቧው ቀጭን ነው። የከተማችን በያጅ የበርና የመስኮት ብረት በሚበይድበት ኤሌክትሮድ የሞተሩን መያዣ በቀጥታ ቧንቧው ላይ ሲበይድ፣ ብረቱን ወይ ይበሳዋል ወይ ያሳሳዋል። ቀለም ይሸፍነዋል፤ ንዝረት ይገልጠዋል። መያዣውን በላስቲክ ጠቅልሎ በቡሎን ማሰር ለዓይን ያንሳል፤ ለዕድሜ ግን ይበልጣል። ካቴናውም እንዲሁ ነው፤ የሞተሩ ጥርስና የኋላው ጎማ ጥርስ በአንድ መስመር ካልዋሉ ካቴናው አንድ ቀን ይወልቅና ሽቦዎቹ መሐል ይገባል። ያን ጊዜ ጎማው ባለበት ይቆማል፤ ነጂው ግን አይቆምም።

ከሁሉም የሚከፋው ፍሬኑ ነው። በእግሩ የሚነዳ ሰው በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል። ሞተሩ 45 ላይ ቢያደርሰው ፍጥነቱ 3 እጥፍ ሆነ፤ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት ግን 9 እጥፍ ይሆናል። የሞተሩና የቤንዚኑ ክብደት ገና አልተጨመረም። ጥቁሩ ብስክሌት የሚቆመው ደግሞ በብረት ዘንግ ተስቦ ቸርኬውን በሚጫን ላስቲክ ነው፤ በክረምት ቸርኬው ሲርስ ላስቲኩ ይንሸራተታል። እንግዲህ ካርታውን ተመልከቱ። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ጫግኒ ደግሞ 1,600 ሜትር አካባቢ ናት። ከእንጅባራ ወደ ጫግኒ የሚወርድ ሰው 1,000 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። ጋዜጠኛው ያልጠየቀውን ጥያቄ ያ ቁልቁለት ይጠይቃል፤ መልስ የሚጠብቀውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ዳገትም ሃያሲ ነው። ዊሊያም ሃርሊና የዴቪድሰን ወንድማማቾች ሚልዋኪ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያ ሞተራቸውን በብስክሌት ቴላዮ ላይ ገጥመው እ.ኤ.አ. በ1903 ሲሞክሩት፣ ያለ ፔዳል እርዳታ የከተማዋን መጠነኛ ዳገቶች መውጣት አቃተው። ያን ጊዜ «ጎበዞች» ብሎ የሸኛቸው ቢኖር ምናልባት እዚያው በቀሩ ነበር። እነሱ ግን የዳገቱን ሂስ ሰሙ። ሞተሩን አሳደጉ፤ የብስክሌቱን ቴላዮ ትተው ለሞተር የሚሆን ሌላ ቴላዮ ሠሩ።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚማርከኝ ግን የሆንዳ ታሪክ ነው። ሶይቺሮ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1946፣ ጃፓን በጦርነቱ ደቅቃ ሳለ፣ የጃፓን ጦር ለሬዲዮ መገናኛ ይጠቀምባቸው የነበሩ ትናንሽ የጀነሬተር ሞተሮች አገኘና ብስክሌት ላይ ገጠማቸው። ለመጀመሪያው ሙከራ የቤንዚን ታንክ ያደረገው ሰዎች በብርድ ሌሊት አልጋቸውን የሚያሞቁበትን የሙቅ ውኃ ዕቃ ነው። እኛ ብንሆን «ከወዳደቁ ዕቃዎች» የሚለው ዘገባ እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። ሆንዳ ግን ባለቤቱን ሳቺን ሰዎች በሚበዙበት መንገድ ላይ እንድትነዳው አደረገ። ሳቺ ጥሩ ልብሷ በዘይት ተጨማልቆ ተመለሰች፤ በዚህ ዓይነት ደንበኞችም ይቆጡሃል ስትል ነገረችው። ሆንዳም ወደ ካርቡራቶሩ ተመልሶ ጉድለቱን አረመ። በሚቀጥለው ዓመት የራሱን ሞተር ሠራ፤ በ1948 ኩባንያውን አቋቋመ። የሆንዳ የመጀመሪያ ሃያሲ ልብሷን አይታ የተናገረች ሚስቱ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከማንም ጭብጨባ ይልቅ የጠቀመው የእሷ ቅሬታ ነበር።

በጫግኒ በኩል ወደ ምዕራብ የሚሄደው መንገድ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ አቅጣጫ ይወስዳል። ስለዚህ ነገ በዚያው ቴላዮ ላይ የቤንዚን ሞተር ሳይሆን ባትሪና የኤሌክትሪክ ሞተር ቢቀመጥ አይገርመኝም። ድምፁ ይጠፋል፤ የዘይቱ ጭስ ይቀራል። የፍሬኑ ጥያቄ ግን አይቀርም፤ ባትሪም ይከብዳል፤ ቁልቁለቱም አይለወጥም።

አንባቢ ሆይ፤ እንዲህ ያለች ብስክሌት ብታይ አጨብጭብ፤ አልከለክልህም። ከዚያ በኋላ ግን ጎንበስ በል። የሞተሩን መያዣ በእጅህ ነቅንቀው፤ ካቴናውን በዓይንህ ተከተለው፤ የፍሬኑን ላስቲክ ዳስሰው። ከዚያ ሠሪውን «ስትጫን በምን ትቆማለች?» ብለህ ጠይቀው። መልስ ካለው፣ ከዘጋቢው ሁሉ ይልቅ አንተን ያስታውሳል። መልስ ከሌለው ደግሞ ማታውኑ ብስክሌቷን ፈትቶ ያድር ይሆናል።