ሙሐመድ ማርማዱክ ፒክታልና የቁርኣን ትርጓሜ ወሰን

ቅዱስ የሚባል መጽሐፍ ከተጻፈበት ቋንቋ ወደ ሌላ ቋንቋ የሚመለሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ምክንያቶች በአንደኛው ነው፤ ይኸውም ለመከራከር፣ ለማስተማር ወይም ለማምለክ ነው። ተርጓሚው የሚመርጠው ቃል፣ የሚያስቀረውና የሚጨምረው ነገር ሁሉ ከዚህ ምክንያት ይመነጫል። ስለዚህ የትርጕም ሥራን የሚመረምር ሰው ቃልን ከቃል ከማስተያየቱ አስቀድሞ መጽሐፉ ለምን እንደ ተተረጐመ መጠየቅ ይገባዋል። እስልምናን የተቀበለው እንግሊዛዊ ሊቅ ሙሐመድ ማርማዱክ ፒክታል በ1930 ያሳተመው የቁርኣን ትርጕም ይህን ጥያቄ በግልጽ ከሚያስነሡት ሥራዎች አንዱ ነው። (ዓ.ም. ተብለው ካልተጻፉ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ሥራው ለኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የሚጠቅመው የእንግሊዝኛን ሥነ ጽሑፍ ስለሚያስረዳ ብቻ አይደለም፤ በአገራችን ለብዙ ዘመን የኖረውን የቃል ትርጓሜ ልማድ ለመመዘን መስፈሪያ ስለሚሆን ጭምር ነው።

ፒክታል በ1875 በለንደን ተወለደ። አባቱ በሳፎክ አውራጃ የሚያገለግል የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ቄስ ነበረ፤ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ስለ ሞተ እናቱ አሳደገችው። በታወቀው በሃሮ ትምህርት ቤት ሲማር ዊንስተን ቸርችል የትምህርት ቤት ባልንጀራው ነበረ። ወደ ቆንስላ ሥራ ለመግባት ተፈትኖ ሳይሳካለት ስለ ቀረ፣ በ1894 ወደ ፍልስጥኤምና ወደ ሶርያ ሄደ። በዚያም የአገሬውን ልብስ ለብሶ፣ ከገበሬውና ከመንገደኛው ጋር እየዋለ ዐረብኛን ከሕዝቡ አፍ ተማረ።

በደማስቆ ሳለ እስልምናን ለመቀበል ፈልጎ የታላቁን መስጊድ ሊቅ አማከረ። ሊቁም እናቱ በሕይወት መኖርዋን ሰምተው፣ ገና ወጣት ነህና እርስዋን ሳታማክር እንዲህ ያለውን ነገር አታድርግ ብለው እንደ መለሱት የሕይወት ታሪኩ ይናገራል። ይህ ምክር በሥራው ሁሉ የሚታየውን ትዕግሥት ያስተማረው ይመስላል። ከእርሱ በፊት የነበረው እንግሊዛዊ ተጓዥ ሪቻርድ በርተን በ1853 የሐጅ ልብስ ለብሶ፣ ማንነቱን ሸሽጎ መካ ገብቷል፤ በ1855ም ሐረር ደርሷል። ለበርተን እስልምና በር መክፈቻ ልብስ ነበረ። ፒክታል ግን ልብሱን አስቀድሞ ለብሶ፣ ሃይማኖቱን ለመቀበል ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ።

ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ በልብ ወለድ ደራሲነት ስም አገኘ። በ1903 የታተመውና ዓሣ አጥማጁን ሰዒድን የሚተርከው ልብ ወለድ በዘመኑ ተደንቆለታል። በዚህ መጽሐፍ የሶርያ ሰው ለአውሮፓዊ መደነቂያ የቀረበ ሥዕል ሆኖ አይታይም፤ የራሱ ብልጠት፣ የራሱ ጥፋትና የራሱ ጸሎት ያለው ሰው ነው። ፒክታል እስልምናን መቀበሉን በይፋ ያስታወቀው በኅዳር ወር 1917 በለንደን በተደረገ የሙስሊሞች ስብሰባ ላይ ነበር። በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ከኦቶማን መንግሥት ጋር ትዋጋ ስለ ነበረ፣ ድርጊቱ ብዙ ወገኖቹን አስቈጥቷል። በ1920 ወደ ሕንድ ተሻግሮ በቦምቤይ የጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። በ1925 በሃይደራባድ ገዥ በኒዛም መንግሥት ሥር ገብቶ የአንድ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆነ፤ ከ1927 ጀምሮም ስለ እስልምና ሥልጣኔ የሚታተመውን የጥናት መጽሔት አዘጋጀ።

የዚህን ሰው ሕይወት የሚያመሰግን ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ዝም ብሎ ሊያልፍ አይገባውም። ፒክታል ለኦቶማን መንግሥት የነበረው ፍቅር ፍርዱን ጋርዶበታል። በ1915 በአርመኖች ላይ የደረሰውን እልቂት በሚመለከት ጽሑፎቹ የቱርክን መንግሥት ለመከላከል ሲሉ የተበደሉትን ሰዎች መከራ አሳንሰው አቅርበዋል። ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። በ1924 ራስ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸውና በሙዚቃ ሥራቸው «አርባ ልጆች» ተብለው የታወቁት ወጣቶች የዚያ እልቂት ወላጅ አልባዎች ነበሩ። በብዕሩ የሶርያውን ድኻ እንደ ሰው ያየ ደራሲ የአርመኑን ድኻ በዚያው ዓይን አለማየቱ ታላቅ ጕድለት ነው። ጕድለቱ የመጣው ግን ከተቀበለው ሃይማኖት አይደለም፤ ሃይማኖትንና መንግሥትን አንድ አድርጎ ከማየቱ ነው።

የቁርኣንን ትርጕም ለመፈጸም ኒዛሙ ደመወዙን ሳያቋርጡ የሁለት ዓመት ፈቃድ ሰጡት። ከእርሱ በፊት ጆርጅ ሴል በ1734፣ ሮድዌል በ1861፣ ፓልመር በ1880 ቁርኣንን ወደ እንግሊዝኛ መልሰዋል። ከእነዚህም ሮድዌል የምዕራፎቹን ቅደም ተከተል በራሱ ግምት ለውጦ አሳትሟል። አንድ ሕዝብ በየቀኑ የሚጸልይበትን መጽሐፍ እንዲህ አድርጎ ማፍረስና መልሶ መገጣጠም የሚቻለው መጽሐፉ እንደ ጥንታዊ ሰነድ ብቻ ሲታይ ነው። ፒክታል ግን ቅደም ተከተሉን ጠበቀ፤ «አላህ» የሚለውንም ስም ሳይለውጥ አስቀረ። በ1929 ሥራውን ይዞ ወደ ግብጽ በመሄድ ከዐረብኛ ሊቃውንት ጋር መረመረው። በዚያን ጊዜ በአዝሃር መምህራን ዘንድ ቁርኣንን መተርጐም ይፈቀዳል፣ አይፈቀድም የሚል ብርቱ ክርክር ነበረ። ፒክታል ከክርክሩ የወጣበት መንገድ በመጽሐፉ አርእስት ላይ ይታያል፤ መጽሐፉን «ቁርኣን» አላለውም፤ የቁርኣንን ፍቺ የሚያቀርብ መሆኑን ብቻ አመለከተ። በመቅድሙም ቁርኣን ሊተረጐም እንደማይቻል የጥንቶቹ መምህራን የያዙትን አስተያየት እርሱም እንደሚጋራ ገለጠ። አንድ ሰው ብዙ ዘመን የደከመበትን ሥራ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ከዋናው በታች ማስቀመጡ ብርቅ የሆነ ትሕትና ነው።

በቋንቋው በኩል ግን ሥራው ነቀፋ አያጣም። ፒክታል የጻፈበት እንግሊዝኛ በ1930 ከሰው አፍ የጠፋ፣ በ1611 የታተመውን የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ የሚመስል ቋንቋ ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ የቄስ ልጅ እንደ መሆኑ የአምላክ ቃል በጆሮው የገባው በዚያ ቋንቋ ነበረ። ሃይማኖቱን ሲለውጥ የጸሎቱን ዜማ አልለወጠም። ይህ ለንባቡ ክብር ሰጥቶታል፤ ነገር ግን ዐረብኛው በሚፈጥንበት ስፍራ እንግሊዝኛው ይከብዳል፤ ዐረብኛው ድንገት በሚያስደነግጥበት ስፍራም እንግሊዝኛው ያዘግማል። ከዚህም ሌላ በየምዕራፉ ራስ ካስቀመጠው አጭር መግቢያ በቀር ማብራሪያው እጅግ ጥቂት ነው። ከ1934 ጀምሮ የታተመው የዐብዱላህ ዩሱፍ ዓሊ ትርጕም ከ6000 በላይ ማብራሪያ ሲኖረው፣ የፒክታል አንባቢ ከንባቡ ጋር ብቻውን ይቀራል።

ይህን ሥራ ከኢትዮጵያ ታሪክ ጋር ለማስተያየት ከሁሉ አስቀድሞ የሚታሰበው ሰው አባ ዕንባቆም ናቸው። እርሳቸው የተጓዙት ፒክታል ከተጓዘበት በተቃራኒው መንገድ ነው። ከየመን መጥተው፣ ክርስትናን ተቀብለው፣ የደብረ ሊባኖስ ዕጨጌ ለመሆን በቁ። በ1540 ገደማ ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የጻፉት «አንቀጸ አሚን» ከቁርኣን የተወሰዱ ንባቦችን በግዕዝ እየጠቀሰ ስለ ክርስትና ይከራከራል። እንግዲህ የቁርኣን ክፍሎች በኢትዮጵያ ቋንቋ የተጻፉበት አንዱ ጥንታዊ ምክንያት ክርክር ነበረ። ሆኖም አባ ዕንባቆም ከልጅነት ቋንቋቸው ጋር አልተጣሉም፤ የበረላምና የይዋሰፍን ታሪክ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በመመለስ አዲሱን ቤታቸውን በአሮጌው ሀብታቸው አበለጸጉት። ሁለቱ ሰዎች በሃይማኖት ቢለያዩም በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሃይማኖቱን የለወጠ ሊቅ ትቶት የወጣውን ቤት ቋንቋ ወደ ገባበት ቤት ይዞ ይገባል። የፒክታል የ1611 እንግሊዝኛ ከዚህ አንጻር ሲታይ እንደ ጥፋት ብቻ የሚቈጠር አይሆንም።

በኢትዮጵያ ሙስሊሞች ዘንድ ግን የቁርኣን ትርጓሜ የኖረው ከክርክር ይልቅ በማስተማር ነው። በወሎ የትምህርት ማዕከሎች የዳበረው ይህ ልማድ ከሰዎች ጋር እየተጓዘ ወደ ከተማ ገብቷል። በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በጅማ መንገድ መውጫ ባለው በአየር ጤና ሰፈር፣ ከወሎ፣ ከስልጤ፣ ከጉራጌና ከጅማ የመጡ ቤተ ሰቦች ተጐራብተው በሚኖሩበት ስፍራ ዛሬም ሊታይ ይችላል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው። ደረሳው የዐረብኛውን ንባብ ያነባል፤ ሸኹ ንባቡን እየቈረጡ የእያንዳንዱን ሐረግ ፍቺ በአማርኛ ይሰጣሉ፤ ቀጥለው ሐተታውን ያስከትላሉ። ደረሳው የአማርኛውን ፍቺ በቃሉ ይይዛል፤ ነገር ግን የአማርኛውን ቃል ብቻውን ነጥሎ «ቁርኣን ነው» አይልም። በቤተ ክርስቲያን የትርጓሜ ቤት የግዕዙ ንባብ ቀድሞ የአማርኛው አንድምታ እንደሚከተለው ማለት ነው። በዚህ ረገድ ሁለቱ ሃይማኖቶች በአንድ አገር ጥላ ሥር አንድ ዓይነት የመምህርነት ጥበብ አሳድገዋል።

ከዚህ የሚገኘው ፍርድ ሁለት ገጽ አለው። በአንድ በኩል ፒክታል ለአውሮፓ አንባቢ እንደ አዲስ ነገር ያቀረበው ሐሳብ፣ ትርጕም የዋናው ንባብ አገልጋይ እንጂ ምትኩ አይደለም የሚለው፣ ለኢትዮጵያ ደረሳ የዕለት ልማዱ ነው። በሌላ በኩል የፒክታል መጽሐፍ የጐደለው ምን እንደ ሆነ በአየር ጤና ከሚቀራ አንድ ልጅ መማር ይቻላል፤ የጐደለው መምህር ነው። ሸኹ ደረሳቸው ሲሳሳት ያርሙታል፤ ፊቱን አይተው ፍቺውን ያሰፉለታል፤ የታተመ መጽሐፍ ግን ይህን ሊያደርግ አይችልም።

በአገራችን ይህ የቃል ትርጓሜ በሙሉ ቁርኣን ታትሞ የወጣው በ1961 ዓ.ም. ነው። ሸኽ ሰዒድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ያዘጋጁት የአማርኛ ትርጕም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በአዲስ አበባ ታተመ፤ በ1954 ዓ.ም. የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ታትሞ ሰባት ዓመት ብቻ አልፎ ነበር። የአማርኛው ተርጓሚዎች ፒክታል ያልነበረው ሀብት ነበራቸው። አል ሱዩጢን የመሳሰሉ የጥንት ሙስሊም ሊቃውንት ከቁርኣን ቃላት አንዳንዶቹ የሐበሻ ቃላት እንደ ሆኑ ጽፈዋል፤ በ1910 ኖልደኬ፣ በ1938ም ጄፍሪ ይህንኑ በሰፊው መርምረዋል። ሐዋርያ፣ ማእድ፣ መናፍቅና መስኮት ከሚሉት የግዕዝ ቃላት ጋር የተያያዙ ቃላት በቁርኣን ዐረብኛ ውስጥ ይገኛሉ። ፒክታል ለእነዚህ ቃላት በእንግሊዝኛ ተመጣጣኝ መፈለግ ነበረበት፤ የአማርኛው ተርጓሚ ግን «ሐዋርያት» ወይም «ማእድ» ብሎ ሲጽፍ ቃሉን ከቤቱ ጓዳ ያወጣዋል። አላህ፣ ሶላትና ዘካ የሚሉትን ቃላት ባሉበት ትቶ፣ ነቢይ፣ መላእክትና ገነት የሚሉትን በአገር ቃል መጻፉም የሸኾቹ የቃል ትርጓሜ አስቀድሞ የመረጠውን መንገድ መከተሉን ያሳያል።

ፒክታል በግንቦት ወር 1936 በኮርንዎል ሞተ፤ ከለንደን አቅራቢያ በብሩክዉድ የሙስሊሞች መቃብር ተቀበረ። በ1953 የሞተው ዐብዱላህ ዩሱፍ ዓሊም በዚያው ስፍራ አርፏል። የፒክታል እንግሊዝኛ አርጅቷል፤ የፖለቲካ ፍርዱም በከፊል ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል፤ የትርጕሙ መሠረት ግን ጸንቶ ይኖራል። መሠረቱም ተርጓሚ የሌላውን ሰው ቅዱስ መጽሐፍ ሲይዝ፣ በዚያ መጽሐፍ በሚጸልዩ ሰዎች ፊት እንደ ቆመ ሆኖ መሥራት ይገባዋል የሚለው ነው። ይህ ሕግ ለሚያምነውም ለማያምነውም ተመራማሪ ይሠራል። በወሎና በአዲስ አበባ የቃል ትርጓሜውን የያዙት ሽማግሌዎች ጥቂት ከመሆናቸው በፊት ፍቺያቸውን ከነዜማው፣ ከነአገባቡ መዝግቦ ማቆየትም የዚሁ ሕግ ግዴታ ነው። የታተመው መጽሐፍ በእጅ አለ፤ መጽሐፉን የወለደው የመምህሩ ድምፅ ግን ካለፈ አይመለስም።