ዓሣውን የዘነጉ የመንገድ ቃላት

ከአዳማ ተነሥቶ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ (በቀድሞ ስሟ ዝዋይ) በኩል ወደ ሐዋሳ የሚወርድ መንገደኛ የሚያልፍባቸው ትልልቅ ድልድዮች መጠሪያቸው የታወቀ ነው። ከመንገዱ ሥር ጅረቶችን የሚያሳልፉት ትንንሽ ሥራዎች ግን እስከ ዛሬ የረጋ ስያሜ የላቸውም። መሐንዲሱ «ካልቨርት» ይላቸዋል፤ ቀባሪው ሠራተኛ «ቱቦ» ይላቸዋል፤ ደብዳቤ ጸሐፊው «የውኃ ማፋሰሻ» ብሎ ይጽፋል፤ በግድግዳ ላይ ያለ ቀዳዳ ማለት የሆነውን «ፉካ»ን የሚያውሱላቸውም አሉ። ሰሞኑን ዓሣ የማያግዱ ካልቨርቶችን ስለ መንደፍ የሚናገር አንድ የሥልጠና ጽሑፍ የትርጉም ረቂቅ ከነቃላት ዝርዝሩ እጃችን ገባ። የተርጓሚው ትጋት የሚመሰገን ሲሆን፣ ስለ ዓሣ ለመናገር የመረጣቸው ቃላት ግን ዓሣውን ራሱን ዘንግተውታል። በዚህ ላይ ያለንን አስተያየት ለማቅረብ እንሻለን።

በመጀመሪያ ጉዳዩ የቃል ብቻ እንዳልሆነ እናስታውስ። የዝዋይ ሐይቅ ከምዕራብ በመቂ፣ ከምሥራቅ በከታር ወንዝ ይመገባል፤ ትርፉንም በቡልቡላ በኩል ወደ አብያታ ይሰዳል። ከቆሮሶና ከአምባዛ ጋር በሐይቁ የሚኖረው ቢልጫ ወራጅ ውኃ የሚወድ ወገን ነው። የዚሁ ወገን ዘመዶች የሆኑት የጣና ዓሦች ብዙዎቹ በክረምት እንደ ጉማራ ባሉ ገባር ወንዞች ሽቅብ ወጥተው ዕንቁላላቸውን እንደሚጥሉ በሰፊው ተጠንቷል። ይህን መሰሉ ዓሣ በሚወጣበት ወቅት አንድ ያልታሰበበት ቱቦ ከገጠመው የዓመቱ ጉዞ እዚያው ያበቃል።

ረቂቁ ከርእሱ ጀምሮ የሚጠቀምበት ቃል «ማፋሰሻ» ነው። ይህ ቃል ለመንገድ ዳር ቦይ ይስማማል፤ የቦዩ ተግባር ያልተፈለገን ውኃ ማስወገድ ነውና። ጅረት ግን ያልተፈለገ ውኃ አይደለም። ጅረትን «ማፋሰሻ» ውስጥ ያስገባ ሰው የሥራውን መለኪያ አብሮ ይቀበላል፤ ቱቦው ጠባብ፣ ልሙጥና ተዳፋት ሆኖ ውኃውን ቶሎ ካስወጣ «ጥሩ ማፋሰሻ» ይባላል። ለዓሣው ይህ ሁሉ ጥፋት ነው። ዓሣ በሙሉ ኃይሉ የሚዋኘው ለአጭር ጊዜ ብቻ ስለ ሆነ፣ ልሙጥ ቱቦ ውስጥ ማረፊያ ሲያጣ ውኃው መልሶ ይወስደዋል። ስለዚህ ጅረት በሚያልፍበት ስፍራ ሁሉ «ማፋሰሻ» እንዲቀር እናሳስባለን።

«የዓሣ መሻገሪያ» የተባለውም አልተሳካም። በአማርኛ የሚሻገር ከወዲህ ማዶ ወደ ወዲያ ማዶ የሚሄድ ነው። ወንዙን የሚሻገሩት ሰውና መኪና ናቸው፤ ዓሣው ወንዙን ይወጣል ወይም ይወርዳል፣ ከመንገዱም ሥር ያልፋል። እንግዲህ «መሻገሪያ» ለመንገዱ፣ «የዓሣ ማለፊያ» ለዓሣው ቢሰጥ ሁለቱ አይጣሉም። ቃል በቃል የተገኘው «የዓሣ መሰላል»ም ቢሆን በግድብ ጎን በደረጃ ለሚሠሩ ገንዳዎች እንጂ ለቱቦ የሚሆን አይደለም። ለገንዳዎቹም ቢሆን ገበሬው ከአፈር ጥበቃ ሥራ የሚያውቀውን «እርከን» ወስዶ «የእርከን ማለፊያ» ማለት ይሻል ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን «የተቀበረ ቱቦ» ነው። መነሻው ጽሑፍ ሊል የፈለገው የቱቦው ወለል ከወንዙ ወለል ዝቅ ተደርጎ፣ በላዩ አሸዋና ጠጠር ተንጥፎበት፣ ወንዙ በቱቦው ውስጥም እንደ ወንዝ እንዲቀጥል ነው። በእኛ አገር የመንገድ ሥራ ግን «ቱቦ ቀበራ» የታወቀ የሥራ ስም ነው፤ ያልተቀበረ ቱቦ የለም። ተቆጣጣሪው «ቱቦው የተቀበረ ይሁን» የሚለውን ሲያነብ «ታዲያ ምን አዲስ ነገር አለው?» ብሎ ያልፈዋል፤ የጽሑፉ ዋና ምክር በአንድ ቃል ምክንያት ይጠፋል። በበኩላችን በመጀመሪያ «ብረት ለበስ»ን ተከትለን «አሸዋ ለበስ ቱቦ» ለማለት አስበን ነበር። ዳሩ ግን ብረት ለበሱ የሚለብሰው በውጭ፣ ቱቦው በውስጥ በመሆኑ «ወለሉ አሸዋ የለበሰ ቱቦ» ብንል ረዘም ቢልም የሚሻል ሆኖ አገኘነው። ሙያዊ ቃል አጭር እንዲሆን ይመረጣል፤ ካላስረዳ ግን እጥረቱ ምን ይጠቅማል?

ለቱቦው ወርድ የተሰጠው ደንብም በቃል ምርጫ ተበላሽቷል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ባለሙያዎች የወጣ አንድ የታወቀ ቀመር አለ፤ የወለሉ ወርድ ወንዙ እስከ አፉ ሞልቶ ሊፈስ ሲል ካለው ወርድ 1.2 እጥፍ ሆኖ፣ በዚያ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጨመርበት የሚል ነው። ረቂቁ ይህን «የጎርፍ ወርድ» ይለዋል። ጎርፍ ግን ከአፉ የተረፈው፣ ሜዳውን ያለበሰው ውኃ ነው፤ በመቂ ዙሪያ ይህ ልኬት የት ይደርስ እንደ ነበር አንባቢ ይገምት። ማድጋ ሲሞላ «አፍ እስከ ገደፉ» የምንል ሰዎች «የገደፍ ወርድ» ለማለት ምን ያግደናል?

ይኸው ክፍለ ግዛት ለመዝገበ ቃላት ሠራተኞችም ትምህርት አለው። የአገሬው ነባር ጎሣዎች በ1854 እና በ1855 እ.ኤ.አ. በተፈረሙ ውሎች ዓሣ የማጥመድ መብት ተጠብቆላቸው ነበር። መንግሥት በመንገዶቹ ሥር ያኖራቸው ካልቨርቶች ሳልመንን ስላገዱ፣ ይህ መብት ዓሣው እንዳይታገድም ያጠቃልላል ወይ የሚል የፍቺ ክርክር ተነሣ። ፍርድ ቤት በ2013 እ.ኤ.አ. ካልቨርቶቹ እንዲለወጡ አዘዘ፤ በ2018 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች 4 ለ4 በመከፈላቸው የበታቹ ፍርድ ጸና።

ወደ ረቂቁ እንመለስ። ከቱቦው መውጫ የሚወረወረው ውኃ አፈሩን ዓመት ዓመት እየቦረቦረ፣ አፉ ከወንዙ በላይ በአየር ላይ ሲቀር ረቂቁ «የሰፈረ ካልቨርት» ይለዋል። ወፍ ይሰፍር ይሆናል፤ ቱቦ ግን ይንጠለጠላል፤ «ተንጠልጣይ አፍ» ይበቃል። በመውጫው የሚነጠፈው ስሚንቶ «ሽርጥ» መባሉን ስቀን አለፍነው፤ «ምንጣፍ» አለና።

መንገዱ ራሱ በወንዙ ወለል ላይ ተነጥፎ ውኃው በላዩ የሚሄድበትን ሥራ ባለሙያዎች «አይሪሽ ክሮሲንግ» ይሉታል። ለዚህ ከአገሩ ሰው አፍ መዋስ ተገቢ ነው። በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ «መልካ» ነው፤ መልካ ቁንጡሬን፣ መልካ ዋከናን የማያውቅ አንባቢ የለም። ጽሑፉ በአዳማና በመቂ በሁለቱም ቋንቋዎች የሚሠራበት ከሆነ፣ አንድ የጋራ ቃል ማግኘት ትልቅ ትርፍ ነው።

ስለ ፊደል አንድ ነገር እንጨምር። ከእነዚህ ወንዞች ዓሦች አንዱ፣ በአገጩ ሥር ባለው መምጠጫ ድንጋይ ላይ የሚጣበቀው ትንሽ ዓሣ፣ የሳይንስ ስሙ ከመቂ ወንዝ ተወስዶ «ጋራ ማኪየንሲስ» ተብሏል። ረቂቁ ስሙን ያለ ምልክት ስለ ጻፈው «ጋራ በቱቦው ውስጥ ያልፋል» የሚል ዐረፍተ ነገር ተገኝቷል። ተራራ በቱቦ አያልፍምና የሳይንስ ስሞች ሁልጊዜ በትእምርተ ጥቅስ ይከበቡ።

የቀረን አንድ ቃል ነው። የውኃውን ኃይል ለመስበር በቱቦው ወለል ላይ የሚተከሉትን አጫጭር ግድግዳዎች ተርጓሚው «ማደናገሪያ» ብሏቸዋል፤ የእንግሊዝኛው ቃል ሌላ ፍቺ እንዳሳሳተው ግልጽ ነው። እኛ «የውኃ ልጓም» ብለን ነበር፤ ከመካከላችን ግን ልጓም የሚይዝ እንጂ የሚያሳርፍ አይደለም ብሎ የተቃወመ አለ፤ ከግድግዳው ጀርባ ያለው ዓሣው የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ውኃም ስም ይሻል። በመስኖ ቦይ ሥራ ላይ የተሰማሩ አንባብያን ለሁለቱ የሚጠቀሙበት ቃል ካለ ቢጽፉልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።