«ቪለን»፦ የአንድ ቃል ውድቀት

በእንግሊዝኛ ቲያትርና ፊልም «ቪለን» የሚባለው ተንኮል ሸራቢው፣ ደም አፍሳሹ፣ በመጨረሻም ቅጣቱን የሚቀበለው ሰው ነው። የቃሉ ዘር ሲመረመር ግን የሚገኘው ወንጀለኛ ሳይሆን ገበሬ ነው። በላቲን «ቪላ» የባለርስት የገጠር ቤትና እርሻ ሲሆን፣ «ቪላኑስ» በዚያ እርሻ ላይ የሚሠራው ሰው ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝ ገባ። ቀዳማዊ ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1086 ባስጻፈው የርስት መዝገብ ውስጥ ከሕዝቡ ክፍሎች በቁጥር የሚበልጡት እነዚሁ ነበሩ። በኋላም ቃሉ ጌታውን ሳያስፈቅድ ከመሬቱ የማይለቅ፣ በጌታው ሁዳድ ላይ ያለ ደመወዝ የሚያርስ ጭሰኛ መጠሪያ ሆነ።

ታዲያ አራሹ እንዴት ክፉ ተባለ?

ሲ. ኤስ. ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው የቃላት ጥናት መጽሐፉ፣ የማዕረግ ስሞች ውለው አድረው የጠባይ ስሞች እንደሚሆኑ አጥርቶ አሳይቷል። «ኖብል» እና «ጄንትል» ከትውልድ ስምነት ተነሥተው ምስጋና ሆኑ፤ «ቪለን» ስድብ ሆነ። ይሁን እንጂ የገዢዎች ትዕቢት ብቻውን ምክንያት አይሆንም፤ ከከበረ ቤት የተወለደ ደግ ይሆናል የሚለው ተስፋም ድርሻ አለው ይላል። የማንስማማው እዚህ ላይ ነው። ያ ተስፋ ራሱ ገዢው መደብ ስለ ራሱ የሣለው ሥዕል አይደለምን? አራሹ የተመኘውን ለማወቅ የ1381ን የገበሬዎች ዓመፅ ማየት ይበቃል። ዓመፀኞቹ ጭሰኝነት ይሻር ብለው ጠየቁ፤ ንጉሥ ዳግማዊ ሪቻርድ የነጻነት ደብዳቤ ሰጣቸው፤ ዓመፁ ሲበርድም ሻረው። ቀንበሩ በዘመን ብዛት ወደቀ፤ ስድቡ ግን ቀረ።

የእኛስ ቋንቋ ከዚህ ነጻ ነውን? «ጨዋ» የትውልድም የጠባይም ስም ነው። «ባላገር» ባለ አገር፣ የአገር ባለቤት ማለት ሆኖ ሳለ፣ በከተሜው አንደበት ሥርዓት የማያውቅ ማለት ሆኗል። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን በሕግ ሽሯል፤ ስድብን የሚሽር አዋጅ ግን የለም። «መሬት ላራሹ» ብሎ የተሰለፈ ሰው ጓደኛውን ለማዋረድ «ባላገር» ካለው፣ በመፈክሩ ያወረደውን ባለርስት በስድቡ መልሶ ይሾመዋል።

ስለዚህ የሥነ ጽሑፍ ሐያሲ ልብ ወለድ ሲመዝን ታሪኩን ብቻ አይመርምር። ደራሲው ክፉውን ገጸ ባሕርይ በማን ስም እንደጠራው፣ ሳቁንም በማን ላይ እንዳደረገው ይጠይቅ። ስለ ሰፊው ሕዝብ የተጻፈ ድርሰት በሰፊው ሕዝብ ላይ በተሠራ ቃል ሊቆም አይችልምና።