የተገዛ ወይስ የተዋሰ? ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ዲስክና ስለ ኢንተርኔት ቅጂ

በደገሀቡር ሆኖ የቪዲዮ ጨዋታ ለሚገዛ ሰው ዲስኩ ይሻለዋል ወይስ ከኢንተርኔት የሚወርደው ቅጂ? ብዙዎች ቅጂውን ያመሰግናሉ፤ አይጫጫርም፣ አይሰበርም፣ ከጅጅጋም ሆነ ከአዲስ አበባ በሰው አያስልክም። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ገዢው የሚያገኘው የመጫወት ፈቃድን ብቻ ነው፤ ቅጂው እንደ ዲስክ ከእጅ ወደ እጅ አይዞርም፣ ተመልሶም አይሸጥም። በሶማሌ አርብቶ አደር ዘንድ ለተቸገረ ዘመድ የምትታለብ ግመል በውሰት ትሰጣለች፤ ተዋሹ ወተቱን ይጠጣል እንጂ ግመሊቱ የእርሱ አይደለችም። እዚያ ግን ውሰቱ በውሰትነቱ ይታወቃል፤ እዚህ «ግዛ» ተብሎ ዋጋ ይከፈልበታል።

ዲስክም ቢሆን ሁልጊዜ መተማመኛ አይሆንም። ዩቢሶፍት በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ዘ ክሩ» የተባለው ጨዋታ፣ ኩባንያው ሰርቨሩን በ2024 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ በዲስክ ለገዙትም ሰዎች መሥራቱን አቆመ። በአገራችንም በ2020 እ.ኤ.አ. ክረምት ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ እንደነበር እናስታውሳለን።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ቀዳሚው ጥያቄ «ያለ ኢንተርኔት ይሠራልን?» የሚለው ነው። እንዲህ የሚሠራ ዲስክ ከተገኘ እርሱን እንመርጣለን፤ ካልተገኘ ግን ገዢው የሚከፍለው ለውሰት መሆኑን አውቆ ይክፈል።