አክተሩ አይሞትም

አገራችን ውስጥ ፊልም ማየት የጀመረ ልጅ ሁሉ ቀድሞ የሚማረው አንድ ሕግ አለ፤ አክተሩ አይሞትም። አክተር ማለት በሰፈር አነጋገር ተዋናይ ሁሉ አይደለም፤ ዋናው ሰውዬ ነው። የአክተሩ ጓደኛ መሃል ላይ ይሞታል፣ ቦሱ መጨረሻ ላይ ይሞታል፣ አክተሩ ግን ቢበዛ ትከሻውን ቢመታ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ስለ ገጸ ባሕርይ አሳሳል ብዙ ለፍልፌአለሁ፤ ይህን የሰፈር ምደባ የሚያህል አጭርና ግልጽ ትንታኔ ግን መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም።

የተማረ ሰው ይህን ሕግ ሲሰማ ይስቃል። «ምን ፊልም ልይ?» የሚለኝ ወዳጅ ሁሉ የሚጠብቀው የሚያስጨንቅ፣ የሚያስተክዝ፣ ጫፉ የማይያዝ ነገር እንድመርጥለት ነው። እኔ ግን ዝርዝር ጻፍ ስባል ከላይ የማሰፍረው የጎራዴ ፊልሞችን ነው፤ ፈረስ፣ ካባ፣ የባሕር ወንበዴና ከሰገነት የሚዘል ጎረምሳ ያለባቸውን። «ሰውዬ፣ አረጀህ እንዴ?» ይሉኛል። ሃምሳን ማለፌን አልክድም፤ ምርጫዬ ግን ምክንያት አለው።

ከሚሰነዘሩብኝ ተቃውሞዎች አንዱን ግን አቅልዬ አላየውም። «ይህ ሕዝብ ጦርነት ጠግቧል። ከ2020 እስከ 2022 ሰሜኑ ያየውን እያወቅህ፣ አሁን ደግሞ ጎራዴ ሲፋጭ ተመልከቱ ትላለህ?» ይላሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱን ከፊልሞቹ ውስጥ እየመዘዝኩ ልሞክር።

በ«ሮቢን ሁድ ጀብዱዎች» (1938) እንጀምር። ኤሮል ፍሊን አረንጓዴ ለብሶ ጫካ የገባበት ነው። ይህን ታሪክ ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም፤ «ሸፈተ» ብሎ መጨረስ ይቻላል። በእኛ ቋንቋ ሽፍታ መንገድ ቆርጦ የሚዘርፍም ነው፣ በደል አንገፍግፎት ጫካ የገባም ነው። ሸፍቶ የነበረው የቋራው ካሣ ኃይሉም በ1855 ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ነግሧል። የፊልሙ ቀለም ዛሬም ዓይን ይይዛል። ሙዚቃውን የደረሰው ኮርንጎልድ የቪየና ይሁዲ ነበር፤ ሂትለር በመጋቢት 1938 ኦስትሪያን ሲጠቀልል እሱ ለዚህ ሥራ ሆሊዉድ ተጠርቶ ነበርና ተረፈ። ስለ ግፈኛ ገዥ የተሠራ ጨዋታ፣ የአንድ ሰው ነፍስ ማዳኛ ሆኖ ቀረ ማለት ነው።

ፊልሙን ስወደው ግን ዓይኔን ጨፍኜ አይደለም። መጨረሻው ላይ ደጉ ንጉሥ ሪቻርድ ይመለሳል፣ ሁሉም ይስተካከላል። የታሪኩ ሪቻርድ ከ1189 እስከ 1199 ሲነግሥ እንግሊዝ አገር የቆየው ቢጠራቀም ግማሽ ዓመት ያህል ብቻ ነው። የቀረው ጊዜ በመስቀል ጦርነት፣ በምርኮና በፈረንሳይ አልቋል። እናንተዬ፣ «ደጉ ጌታ ይመጣልና ታገሡ» የሚለው ትምህርት ለእኛም እንግዳ አይደለም። ስንት ዘመን ጠብቀንበታል!

«ካፒቴን ብለድ» (1935) ከዚህ አንድ እርምጃ ወደፊት ይሄዳል። ፒተር ብለድ ሐኪም ነው። በ1685 በንጉሥ ጄምስ ላይ የተነሣ አንድ ቁስለኛ አመፀኛ ስላከመ ብቻ ከሃዲ ተብሎ ይፈረድበትና ጃማይካ ወስደው ለባርነት ይሸጡታል። ቁስለኛ ማከም ወንጀል የሆነበት ዘመን! ሐኪሙ የባሕር ወንበዴ ቢሆን ማን ይፈርድበታል? እዚህም ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በዚያን ጊዜ ጃማይካ ውስጥ በባርነት ይማቅቁ ከነበሩት አብዛኞቹ አፍሪካውያን ነበሩ። ፊልሙ የባርነትን መራራነት የሚያስቀምሰን በነጩ ሐኪም ጀርባ ላይ ነው። ይህን እያወቁ ማየት ፊልሙን አይገድለውም፤ ተመልካቹን ያነቃዋል እንጂ።

ነገሩን የበለጠ አስገራሚ የሚያደርገው፣ የዚህ ዓይነት ትረካ ታላቁ ጌታ አሌክሳንደር ዱማ የጥቁር ባሪያ የልጅ ልጅ መሆኑ ነው። አያቱ ዛሬ ሃይቲ በምትባለው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት በባርነት የኖረች ሴት ነበረች። አባቱ ግን በፈረንሳይ አብዮት ጦር ውስጥ ጄኔራል ለመሆን በቃ። የዱማን «ሦስቱ ሙስኬተሮች» (1844) ብዙዎች ቀርጸውታል፤ የእኔ ምርጫ የሪቻርድ ሌስተር የ1973ቱ ነው። እዚያ ጎራዴ ይከብዳል። ተፋላሚዎቹ ያለከልካሉ፣ ይንሸራተታሉ፣ ክንዳቸው ይዝላል። ድንቅ ዝላይ ጠብቃችሁ ከሆነ ጭቃና ላብ ታገኛላችሁ። ሳቁም ከዚያው ይመነጫል።

አሁን ወደ ተቃውሞው ልመለስ። «ስካራሙሽ» (1952) የፈረንሳይ አብዮት ዋዜማ ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ መኳንንት በጎራዴ የተካነ ነው፤ ጎራዴ አያያዝ የማያውቀውን ወጣት እያጫወተ ይገድለዋል። የሟቹ ጓደኛ ይህን አይቶ ለበቀል ይነሣል፤ ጥበቡን ከራሱ ከገዳዩ አስተማሪ ይማራል። የመጨረሻው ፍልሚያ ቲያትር ቤት ውስጥ ነው። ከስድስት ደቂቃ በላይ ይፈጃል፤ ከሰገነቱ ጫፍ ወደ ደረጃው፣ ከደረጃው ወደ መድረኩ። በመጨረሻ ጠላቱ እጁ ላይ ይወድቃል። ፊልሙን ሙሉ የጠበቅነው ውጋት እንግዲህ መጥቷል። ሰውዬው ግን መውጋት ያቅተዋል። ለምን እንዳቃተው የሚገባው ቆይቶ ነው፤ ምክንያቱን አልነግራችሁም።

ጥሩ የጎራዴ ፊልም ከጦርነት ቅስቀሳ የሚለየው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ባላጋራው ፊት አለው፣ ስም አለው፣ ሲናገር እንሰማዋለን። ጎራዴው ከእጁ ሲወድቅ አክተሩ አንሥቶ ይመልስለታል። ያልታጠቀ አይነካም። በቀል እንኳ ልክ አለው። ቅስቀሳ ደግሞ መጀመሪያ የሚሠራው የጠላትን ፊት ማጥፋት ነው። ፊት የሌለውን ለመግደል ማመንታት አያስፈልግማ!

የዚህን ሁሉ ጉልላት ያበጀው ጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ ነው፤ «ሰባቱ ሳሙራይ» (1954)። ርዝመቱ 207 ደቂቃ ነውና እሑድን መድቡለት። ሽፍቶች መኸሩን ሊዘርፉ የቀጠሩባቸው ገበሬዎች ሰባት ጎራዴ አዋቂዎችን ለምነው ያመጣሉ፤ ደሞዛቸው ሩዝ ነው። መሃል ላይ ገበሬዎቹ መሣሪያ ደብቀው ሲገኙ ሳሙራዮቹ ይቆጣሉ። ያኔ ከሰባቱ አንዱ፣ የገበሬ ልጅ የሆነው ኪኩቺዮ፣ ያፈጥባቸዋል። አዎ ገበሬ ይደብቃል፣ ይዋሻል፤ እንዲህ ያደረገው ግን መንደሩን ያቃጠለው፣ እህሉን የዘረፈው፣ ሴቶቹን የደፈረው ጎራዴ ታጣቂ ነው፣ ማለትም እናንተ ናችሁ ይላቸዋል። ባላገሩን «ተንኮለኛ» እያልን የምንቀልድ ከተሜዎች ይህን ትዕይንት ደግመን ብናየው አይጎዳንም።

ሰፈሩ የደነገገው ሕግም የሚፈርሰው እዚሁ ነው። ከሰባቱ አራቱ ይሞታሉ። አራቱም የሚሞቱት በጎራዴ አይደለም፤ በጥይት ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጎራዴ ያጠና ሰው፣ ማን እንደተኮሰበት በቅጡ ሳያይ ይወድቃል። ከውጊያው በኋላ ገበሬዎቹ እየዘፈኑ ሩዝ ይተክላሉ፤ የተረፉት ሦስቱ ኮረብታው ላይ ያሉትን አራት መቃብሮች ያያሉ። የሳሙራዮቹ አለቃ ድሉ የእነሱ ሳይሆን የገበሬዎቹ መሆኑን ይናገራል። ደግ ንጉሥ አልመጣም። መንደሩ ራሱ ታገለ፣ ራሱ ዘራ።

እኛስ? ለእንዲህ ዓይነት ፊልም የሚሆን ታሪክ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ1908 ሮም ላይ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦብያ» በሚል ስም የታወቀው የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ፣ የጀብዱ ታሪክ ነው። ምርኮ አለ፣ ባርነት አለ፤ ለባርነት የተሸጠ ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር የምትሰደድ ልጃገረድ አለች። ልብ ወለዳችን የተወለደው በጀብዱ ከሆነ፣ ምሁሮቻችን ጀብዱን የሚንቁበት ምክንያት አይገባኝም። ታሪካችንን ለክርክር ብቻ ስናወጣው፣ ለልጆች የሚተርፋቸው ፀቡ ነው።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው፤ ሮቢን ሁድን ከልጆች ጋር፣ ካፒቴን ብለድንና ሙስኬተሮቹን ካደጉት ጋር፣ ስካራሙሽን ከተቀየማችሁት ወዳጅ ጋር እዩ። ሰባቱ ሳሙራይን ለመጨረሻ አቆዩት። ልጁ «አክተሩ ለምን ሞተ?» ብሎ ከጠየቀ ቶሎ አትመልሱለት። መጀመሪያ ከሰባቱ የትኛውን አክተር እንዳለው ጠይቁት።