ጋባርን ማን ይተካዋል?

የሕንድ ፊልም ወዳጆች በተሰበሰቡበት ሁሉ የማያረጅ አንድ ክርክር አለ። «ሾሌይ» እንደገና ቢሠራ የሽፍታውን የጋባር ሲንግን ቦታ ማን ይይዛል? ለጀግኖቹ ተተኪ መፈለግ ብዙም አያጣላም፤ ለዳርሜንድራም ሆነ ለአሚታብ ባቻን ቦታ መልከ መልካም ወጣት አይጠፋም። ክርክሩ የሚጦፈው ክፉው ሰው ላይ ሲደረስ ነው። አንዱ ግዙፍ ሰውነት ያለውን ይጠራል፤ ሌላው ሣቁ የሚያስደነግጠውን ይመርጣል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ማንም አይችለውም» ብሎ ጨዋታውን ይዘጋል። ይህ የመጨረሻው መልስ ለሟቹ ተዋናይ ክብር የሰጠ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ነገር ይዘነጋል፤ አምጃድ ካን ራሱ ተተኪ ነበር።

ታሪኩ በሕንድ ፊልም ዓለም ደጋግሞ ተነግሯል። ዳይሬክተሩ ራሜሽ ሲፒ ለሽፍታው ቦታ በመጀመሪያ ያጨው የሲኪሙን ተወላጅ ዳኒ ዴንዞንግፓን ነበር። ዳኒ ግን ቀደም ብሎ ለሌላ ሰው ቃል ሰጥቶ ነበር፤ ፌሮዝ ካን «ዳርማትማ» የተባለውን ፊልም አፍጋኒስታን ውስጥ ሲቀርጽ እርሱም እዚያ መገኘት ነበረበት። የሁለቱ ሥራዎች ቀን ተጋጨ፤ ዳኒ ቃሉን አከበረ፤ የጋባር ቦታም ክፍት ሆነ። በዚያን ጊዜ ከፊልሙ ተዋንያን መካከል ቦታውን የተመኙ አልጠፉም። እጆቹን የተቆረጠውን የቀድሞ ፖሊስ ታኩርን እንዲጫወት የተመረጠው ሳንጂቭ ኩማር ጋባርን ለመሆን ፈልጎ ነበር፤ አሚታብ ባቻንም እንዲሁ። ጉዳዩ በዚያን ዕለት ለተመልካች ድምፅ ቢቀርብ ኖሮ ከሁለቱ በአንዳቸው በደቂቃዎች ውስጥ ባለቀ ነበር። ዳይሬክተሩ የተቀበለው ግን ከፊልሙ ጽሑፍ ሁለት ደራስያን አንዱ የሆነው ሳሊም ካን ያመጣለትን ሰው ነው። የጃያንት ልጅ ነው፤ አባቱ በዘመኑ የታወቀ የፊልም ተዋናይ ነበር፤ ልጁ ግን በመድረክ ቴአትር ቢታወቅም በፊልም ገና ስም አላወጣም።

ሥራው ሲጀመርም ነገሩ አልጋ በአልጋ አልሆነም። አምጃድ ቀረጻው አስጨነቀው፤ ከሁሉ በላይ ግን ጥርጣሬ የፈጠረው ድምፁ ነበር። ለሽፍታ ቀጥኗል፣ ጉልበት የለውም ተባለ፤ በሌላ ሰው ድምፅ እንዲተካ ሐሳብ ቀረበ። እንግዲህ ልብ ይሏል፤ የመጀመሪያው ተዋናይ ሄዶ ተተኪው ከመጣ በኋላ የተተኪው ድምፅ ደግሞ ተተኪ ተፈልጎለት ነበር። ዳይሬክተሩ አልተቀበለም። ፊልሙ በኦገስት 1975 እ.ኤ.አ. ከታየ በኋላ የሆነውን ማንም ያውቀዋል፤ የፊልሙ ቃለ ምልልስ በሸክላ ታትሞ ተቸበቸበ፤ ሕፃናት የሽፍታውን አነጋገር በየመንገዱ ደገሙት፤ አንድ የብስኩት ኩባንያም ነፍሰ ገዳዩን ለማስታወቂያ ቀጠረው። ሊጣል የነበረው ድምፅ የሚናው ዋና መለያ ሆነ።

በዚህ ክፍለ ዓለም ያደገ የሕንድ ፊልም ተመልካች ስለዚህ ድምፅ የሚናገረው የራሱ ነገር ሊኖረው ይገባል። ከአዲስ አበባ እስከ ሞቃዲሾ፣ ከናይሮቢ እስከ ዛንዚባር፣ በየሲኒማ ቤቱ የሕንድ ፊልም ሲያይ የኖረው ሕዝብ አብዛኛው ሂንዲ አያውቅም ነበር። ታሪኩን በዓይኑ ተከታተለ፤ ቃሉን ሳይረዳ ድምፁን ብቻ ሰማ። ለእንዲህ ያለ ጆሮ የጋባር ንግግር ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር ሳይሆን አካሄድ ነው፤ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ መሐል ላይ ይንጠለጠላል፣ ከዚያ በድንገት ይወርዳል። የቀጠነው ድምፅ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል። ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ሲቆጣ አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ይህ ሰው ግን መቼ እንደሚቆጣ አይታወቅም። በኡጋንዳ ቪዲዮ ቤቶች ፊልሙን በሉጋንዳ እየተረጎሙ የሚያጅቡ ተራኪዎች አሉ። ከ2016 ወዲህ በቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ የለመደው ተመልካችም አንድ ፊት ከሌላ ሰው ጉሮሮ ሲናገር ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ ሳያውቀው መዝኖታል። ሲፒ ያን ጊዜ እሺ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስለ ጋባር ተተኪ የሚከራከር ሰው ባልኖረ ነበር።

ይሁንና የጋባር አስፈሪነት ከአምጃድ ጉሮሮ ብቻ አልወጣም፤ የፊልሙ ወዳጆች ክርክርም የሚሳሳተው ይህን በመርሳቱ ነው። ሽፍታው በዓይን የሚታየው ፊልሙ ከተጀመረ አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ ተመልካቹ የሚያየው እርሱ የፈጠረውን ፍርሃት ነው። ራምጋር የተባለችው መንደር እህሏን በጆንያ እየሞላች ለሰዎቹ ታስረክባለች፤ ታኩር በጋቢው ተጠቅልሎ እጁን አያወጣም፤ ለምን እንደሆነም ገና አልተነገረም። ኋላ ጋባር ሲመጣ በመጀመሪያ የሚሰማው የጫማው ኮቴ በድንጋይ ላይ ሲፋጭ ነው፤ ቀበቶው በእጁ ተንጠልጥሎ አለቱን ይጠርጋል። ተልእኳቸው ከሽፎ የተመለሱትን ሦስት ሰዎቹን የተቀበሏቸው ሰዎች ስንት እንደነበሩ ይጠይቃቸዋል። ከዚያም ሽጉጡ ውስጥ ሦስት ጥይት ብቻ አስቀርቶ መዘውሩን አሽከርክሮ በየራሳቸው ላይ ይስባል። ሦስቱም ይተርፋሉ። ጋባር ይሥቃል፤ እነርሱም ይሥቃሉ፤ አለቱ ላይ የተቀመጠው ጭፍራ ሁሉ ይሥቃል፤ ተመልካቹም ትንሽ ይተነፍሳል። ሣቁ ሳያልቅ ሦስቱንም ይገድላቸዋል።

በዚህ ትዕይንት ውስጥ ጋባርን የሠራው ማን ነው? አምጃድ ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም። ካሊያን የተጫወተው ቪጁ ኮቴ ላቡ በፊቱ ሲወርድ፣ ሣቁ ከፍርሃት ወደ ተስፋ ሲሻገር ባይታይ ኖሮ የሽፍታው ሣቅ ባዶ ጩኸት ነበር። ከላይ አለት ላይ የተቀመጠው ሳምባም አለ። ጋባር ስለ ራሱ አይመካም፤ መንግሥት ለራሱ ምን ያህል ዋጋ እንዳወጣለት ሳምባን ይጠይቀዋል፤ ሳምባ ሃምሳ ሺህ ሩፒ ብሎ ይመልሳል። ማክ ሞሃን በዚህች ጥቂት ቃል ዕድሜ ልኩን ታወቀ። የክፉው ሰው ታላቅነት ከሌላ ሰው አፍ እንዲወጣ ማድረግ የደራስያኑ ብልሃት ነው። የኢማሙ ልጅ አሕመድ በተያዘ ጊዜም ግድያው አይታይም፤ ጋባር ክንዱ ላይ የምትሄድ ጉንዳን ያያል፣ ይጨፈልቃታል፤ ቀጥሎ ፈረሱ አስከሬን ተሸክሞ መንደር ይገባል።

አሚታብ ባቻን በ1975 ያላገኘውን ሚና ከ32 ዓመት በኋላ አገኘው። ራም ጎፓል ቫርማ በ2007 ባቀረበው ፊልም ባላንጣው እርሱ ሆነ። ከመብት ባለቤቶቹ ጋር በተነሣ ክርክር የፊልሙም የሰዎቹም ስም ተለዋውጦ ፊልሙ «አግ»፣ ማለትም እሳት፣ የሚል ስያሜ ይዞ ወጣ፤ ጋባርም ባባን ተባለ። ወዳጆች ለዓመታት ሲመኙት የኖሩት ምርጫ ነበር፤ ታላቁ ተዋናይ፣ የሚያስተጋባው ድምፅ፣ በዚያ ላይ ሚናውን ከወጣትነቱ ጀምሮ የፈለገ ሰው። ፊልሙ ግን በተመልካችም በሐያስያንም ዘንድ ወደቀ።

ጥፋቱን በባቻን ላይ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው። አምጃድን አልኮረጀም፤ የራሱን እብደት ይዞ መጣ። ነገር ግን ቫርማ ካሜራውን ከፊቱ አላርቅ አለ። ባባን ዓይኑ፣ ጥርሱ፣ የተንጨባረረው ጠጉሩ ሁሉ በቅርበት ይታያል፤ የሚታየው ደግሞ ቀድሞ ነው፤ ብዙም ነው። የሚፈራው ሕዝብ ግን የት አለ? መንደሯ የለችም፤ የራማናጋራ አለቶች በከተማ ጨለማ ተተክተዋል። ተዋናዩን ያህል ሌላው ሰው አልታሰበበትም። ከዚህም ሌላ ለአሚታብ ብቻ የሚመለከት ችግር ነበር። በመጀመሪያው ፊልም ጃይ ሆኖ ለመንደሯ የሞተው እርሱ ነው። ያንን ሞት ያለቀሰበት ተመልካች ያው ሰው ሽፍታ ሆኖ ሲመጣ አይፈራውም፤ ይታዘበዋል። የአምጃድ ትልቁ ሀብት በ1975 ማንም ከዚያ በፊት ወድዶት የማያውቅ ፊት ይዞ መምጣቱ ነበር።

«ማንም አይተካውም» ለሚሉትም መልሱ አንድ ረስተውት የቆዩት ፊልም ውስጥ አለ። በ1991 «ራምጋር ኬ ሾሌይ» የተባለ ቀልድ ቀመስ ፊልም ወጥቶ ነበር። ታዋቂ ተዋንያንን የሚመስሉ ሰዎች ተሰብስበው ይጫወቱበታል፤ ጋባር ግን አስመሳይ አልነበረም፤ ራሱ አምጃድ ካን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት አረፈ። ፊቱ ያው ነው፣ ድምፁ ያው ነው፣ ልብሱም ያው ነው፤ ፍርሃቱ ግን የለም። ዙሪያውን የቆሙት ሰዎች ሊያስቁ እንጂ ሊፈሩ አልመጡም። በመንገድ ላይ ያስቀራል ተብሎ ሊያሳዝን ይችላል፤ ግን ባለቤቱ እንኳ ብቻውን ጋባርን ማምጣት እንዳልቻለ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም። (የሽፍታው ፍጻሜ ራሱ አንድ ጊዜ ተተክቷል። ታኩር በተቸነከረ ጫማው ረግጦ የሚገድልበት የመጀመሪያው መዝጊያ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ዘመን ሳንሱር ስላልተፈቀደለት ፖሊስ ደርሶ እንዲይዘው ተደረገ። ታድሶ በ2025 በጣልያን ቦሎኛ በታየው ቅጂ የቀድሞው ፍጻሜ ተመልሷል፤ ፍርሃቱ በሁለቱም ያው ነው።)

ወዳጆች በምርጫቸው የሚሳሳቱት የሲኒማ ዕውቀት ስላነሳቸው አይደለም። መጨረሻ ያዩትን ፊት ይዘው ስለሚያስቡ ነው። በሆሊውድም ሄዝ ሌጀር በ2006 ለጆከር መመረጡ ሲሰማ ብዙዎች ጃክ ኒኮልሰንን እያስታወሱ አጉረመረሙ፤ ፊልሙ በ2008 ሲወጣ ሌጀር በሕይወት አልነበረም፤ በሚቀጥለው ዓመት ኦስካሩ ለቤተሰቡ ተሰጠ። ያጉረመረሙትም ዛሬ የሌላውን ተዋናይ ጆከር ሁሉ በእርሱ ይለካሉ።

ለክርክሩ የተሻለ ምሳሌ የሚሆነው ግን ከዚያው ከሕንድ፣ ከዚያው ከዳኒ ዴንዞንግፓ ቤት ይገኛል። ጋባር ያመለጠው ዳኒ በ1990 «አግኒፓት» በተባለው ፊልም ካንቻ ቺና የተባለ ባላንጣ ሆኖ ከአሚታብ ባቻን ጋር ተፋጠጠ። ሽቅርቅር ነው፤ ሱፍ ለባሽ፣ ለስላሳ ተናጋሪ፣ ቁጣውን የማያባክን። ፊልሙ በ2012 እንደገና ሲሠራ ካንቻ ለሳንጃይ ዳት ተሰጠ። ዳት የታወቀ ኮከብ ነው፤ እንደ ባቻን ሁሉ የሚያሳስብ የቀድሞ ታሪክ አለው። ሆኖም ራሱን ተላጭቶ፣ ቅንድቡን አጥፍቶ፣ ከዳኒ ካንቻ አንዲት ምልክት ሳይወስድ መጣ። ተሳካለት። መላጣው ብቻ አይደለም ያሳካለት። ዳይሬክተሩ ካራን ማልሆትራ ባላንጣውን ያስተዋወቀው በአንድ ልጅ ዓይን ነው። የመንደሩ መምህር በሐሰት ይወነጀላል፤ ሕዝቡ ይነሣበታል፤ ካንቻ በልጁ ፊት አባቱን ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። ከዚያ በኋላ ፊልሙ ለረጅም ጊዜ ወደ ሙምባይ ይሄዳል፤ ካንቻ ከዓይን ይጠፋል፤ ያ ልጅ ጎልምሶ ሪቲክ ሮሻን ሆኖ ሲታይ ግን ፊቱ ላይ ካንቻ አለ። ሮሻን ያንን ባይሸከም ኖሮ ዳት መላጣ ግዙፍ ሰው ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ የጋባር ቦታ ለክርክር ሲቀርብ ጥያቄውን ከሌላው ጫፍ መጀመር ይቻላል። ካሊያ ማን ይሁን? በጣት የሚቆጠሩ ቃላት ተቀብሎ አለት ላይ የሚቀመጠው ሳምባስ? እጆቹን ሳያሳይ አንድ ሰዓት ሙሉ በጋቢ ተጠቅልሎ የሚጠብቀውን ታኩር ለመጫወት ማን ይታገሣል? እነዚህ ስሞች ከተገኙ ለሽፍታው የሚመጣው ሰው ድምፁ ቀጭንም ይሁን ወፍራም ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት ማንም ስሙን ባይሰማው ይመረጣል።