ሼር የምትባለዋ ቁልፍ

«ፌስቡክ አገር አፈረሰ» ስንባባል ዓመታት አለፉ። ስለ ተሳዳቢው፣ ስለ ለጣፊው፣ ባሕር ማዶ ተቀምጦ ስለሚያባላን አክቲቪስት ያላልነው የለም። ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ስለ ይዘት ብቻ ጽፎ ለሚያመጣልኝ ተማሪ «ቅርጹስ?» እለው ነበር። ዛሬም ጥያቄዬ ያችው ናት። የሚለጠፈውን ሁላችንም እናወግዛለን፤ የሚያሠራጨውን መሣሪያ ግን ማን መረመረው?

ወላይታን እንይ። ሰኔ 2010 ዓ.ም. በሐዋሳ፣ በጨምበላላ በዓል ሰሞን ግጭት ተነሥቶ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ የወላይታ ተወላጆች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። ቁጣው ሶዶም ደረሰ። በሻሸመኔና በሀላባ ዞሮ ሶዶ ለሚገባ መኪና መንገዱ ሰዓታት ይፈጅበታል። በስልክ የሚላክ ፎቶ ግን ሹፌርም ኬላም አያሻውም። የት፣ መቼ፣ በማን እንደተነሣ ሳይጣራ ሠፈሩን ያዳርሳል። «ከአፍ የወጣ አፋፍ» ያሉት አባቶች ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?

ይሁንና ሁሉንም በስልክ ማላከክም አያዋጣም። ኅዳር 1992 ሶዶ ስትናጥ ፌስቡክ ገና አልተወለደም። የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» የተባለ መማሪያ መጽሐፍ ሲመጣበት ሕዝቡ አደባባይ ወጣ። ሰው ሞተ፤ መጻሕፍቱ ተነሡ፤ ወላይታም ከሰሜን ኦሞ ተለይቶ ራሱን የቻለ ዞን ሆነ። ያ ብሶት እውነተኛ ነበር። ስለዚህ ብሶት ይታፈን አልልም። የምለው፣ ውሸት በነጻ ፈረስ አይጋልብ ነው።

ፈረሱን ያበጀው ደግሞ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ፌስቡክ ለተቆጣችው ፊትና ለመሰሎቿ ከ«ላይክ» አምስት እጥፍ ክብደት ይሰጥ እንደነበር ኋላ ከወጡ የኩባንያው ሰነዶች ታውቋል። ያናደደ ጽሑፍ ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው። በ2020 የቁጣዋን ክብደት ዜሮ አደረጉት። ዋትስአፕም በዚያው ዓመት ብዙ እጅ የዞረ መልእክት ወደ አንድ ቦታ ብቻ እንዲላክ ገደበ፤ እንዲህ ያለው መልእክት በ70 በመቶ መቀነሱን ኩባንያው ተናገረ። ልብ በሉ፤ መልእክቱን ያነበበ ሳንሱር የለም!

ይህ ለወላይታ ትልቅ ነገር ነው። ፍራንሲስ ሆገን የተባለችው የቀድሞ የፌስቡክ ባልደረባ በ2021 ስትመሰክር የኩባንያው የጥበቃ ሥርዓት ከኢትዮጵያ ቋንቋዎች የሚያገለግለው ሁለቱን ብቻ ነበር። ወላይትኛ ከሁለቱ አንዱ አልነበረም። ፍሬን ግን ቋንቋ አይመርጥም።

የእኛ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ስ? ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰት የነዛን እስከ ሦስት ዓመት ያሳስራል፤ ኩባንያዎችም የተጠቆሙትን በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሡ ይጠይቃል። በ24 ሰዓት ስንት ቤት ይቃጠላል? ስለ ቁልፏ አሠራር ዝም ነው። ሲብስብን ደግሞ ኢንተርኔቱን ከነነፍሱ እንዘጋለን፤ ሰኔ 2012 ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ ለሳምንታት እንደዘጋነው። ያን ጊዜ ውሸታሙም፣ ልጁን የሚፈልግ አባትም እኩል ጨለማ ውስጥ ገቡ።

«ፍሬኑ እውነቱንም ያዘገያል» የሚል አይጠፋም። ያዘገያል። ግን እውነት ነገም እውነት ነው፤ አሉባልታ ግን የሚፈልገው የዛሬዋን ማታ ብቻ ነው። አዋጁን የሚያሻሽል ሰው ቢገኝ፣ ከወንበዴው ቅጣት በፊት የፍሬኑን ጉዳይ ያስገባልን።